ባሕሩ የማይሞላበት፣ የማይጎድልበት ወደብ

በባሕር ዳር ለባሕር ሙያ ሰልጣኞችና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ሰልጣኞች፣ ከየአገሩ መጥታችሁ ከልጆቻችሁ አጠገብ የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አመሻችሁ! ስለ ጠራችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

አዘጋጆቹ «ከዞርክባቸው ወደቦች ሁሉ ጥቂት ጥቂት ንገረን» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ሁሉንም ከመቆነጣጠር አንዱን በወጉ መናገር ይሻላል ብዬ፣ በሸራ ጀልባ ላይ ተቀጥሬ ሦስት ዓመት የኖርኩበትን ወደብ መረጥኩ። ወደቡ እንግሊሽ ሃርበር ይባላል። የሚገኘው አትላንቲክ ውቅያኖስና የካሪቢያን ባሕር በሚገናኙበት የደሴቶች ሰንሰለት ውስጥ፣ አንቲጓ በምትባለው ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ ነው። የደሴቲቱ ስፋት 280 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ጣናችን አሥር አንቲጓዎችን ይይዛል ማለት ነው።

ዓመታቱንና ወራቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ግን በእኛው እጠራለሁ። የምናገረው ስለ ሦስት ነገር ነው፤ አንደኛ ስለ ውኃው፣ ሁለተኛ ስለ ነፋሱ፣ ሦስተኛ ስለ አውሎ ነፋሱ። ሦስቱ እኩል ጊዜ አይወስዱብኝምና ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እንግዲህ ከውኃው ልጀምር።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አንድ መርከበኛ ወደማያውቀው ወደብ ሲደርስ ቀድሞ የሚገልጠው ምንድን ነው? ከኋላ «የሙላትና የጉድለት ሠንጠረዥ» ሲባል ይሰማኛል። ትክክል ነው፤ እኔም የተማርኩት ይህንኑ ነበር። እኔ እንደ ብዙዎቻችሁ የጣና ዳር ልጅ ስለሆንኩ፣ ባሕር በጨረቃና በፀሐይ ስበት በየቀኑ ሞልቶ እንደሚጎድል ያወቅሁት ከመጽሐፍ ነው። ከመጽሐፍ ያወቀ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጥንቁቅ ይሆናል። ስለዚህ አንቲጓ በገባሁ በመጀመሪያው ምሽት የሙላቱንና የጉድለቱን ሰዓት በደብተሬ ገልብጬ፣ ውኃው ሲወርድ ጀልባችን በገመድ እንዳትንጠለጠል በማለት፣ ከመሬት ጋር ያሰሯትን ገመዶች አንድ በአንድ አላላኋቸውና ተኛሁ።

ውኃው ግን የት ሄዶ! ሌሊት ላይ ነፋስ ሲነሣ፣ የላላችው ጀልባ ወደ ጎን ተንሸራታ የጎረቤታችንን ጀልባ ልትነካ ስንዝር ሲቀራት ካፒቴኑ ደረሰ። ካፒቴኑ የደሴቲቱ ተወላጅ የሆነ ሽማግሌ ነበር፤ አልተቆጣኝም። ሲነጋ ግን እጄን ይዞ ወደ ወደቡ ግንብ ወሰደኝና፣ በድንጋዩ ላይ ሙላትና ጉድለት የሚያርፉበትን አረንጓዴ የአልጌ ቀለበት አሳየኝ። ተንበርክኮ አውራ ጣቱን ከቀለበቱ ታች፣ ትንሿን ጣቱን ወደ ላይኛው ጫፍ ዘረጋ። ቀለበቱ ከስንዝሩ የበለጠው በሁለት ጣት ብቻ ነበር። «ባሕሩ እዚህ የሚተነፍሰው ይህን ያህል ነው፤ ገመድህን በዚህ ለካ» አለኝ።

ልኩን ለመናገር፣ በእንግሊሽ ሃርበር በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በእንግሊዝ አገር በፖርትስመዝ ጨረቃ ስትሞላ ልዩነቱ 4 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ በካናዳ የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ ደግሞ እስከ 16 ሜትር ይሄዳል። ጨረቃዋ ያችው፣ አትላንቲክም ያው ሆኖ ሳለ ለምን እንዲህ ተለያየ?

ቡና የያዘ ስኒ በእጃችሁ ይዛችሁ በቀስታ አዙሩት። ቡናው በስኒው ዳር ዳር እየዞረ ከፍና ዝቅ ይላል፤ መካከሉ ላይ ግን ከፍታው አይለወጥም። የባሕር ሙላትም በየውቅያኖሱ ውስጥ እንዲሁ ይዞራል፤ የሚዞርበትም ጸጥ ያለ መካከል አለው። በካሪቢያን ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ የሚመጣው ሙላት ከሚዞርባቸው መካከሎች አንዱ ከፖርቶ ሪኮ በስተደቡብ ነው። አንቲጓ በመካከሉ ላይ ባትሆንም ጎረቤቱ ናት። በቀን ሁለት ጊዜ የሚመጣው ሙላት በዚህ ምክንያት ስለሚደክም፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚመጣው ጎልቶ ይታያል፤ በመሆኑም ሁለት ሙላት የምትጠብቁበት ቀን አንዱ ከነጭራሹ ሳይታወቃችሁ ሊያልፍ ይችላል።

«ታዲያ ይህ ለታሪኩ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። እኔ የወደቡ ታሪክ በሙሉ ከዚህ ስንዝር የተቀዳ ነው ባይ ነኝ።

የእንጨት መርከብ ዘመንን አስቡ። የሞቀ ባሕር ውስጥ እንጨት የሚበላ የባሕር ትል አለ፤ የመርከቡን ሆድ እንደ ወንፊት ይበሳዋል። ትሉ ባይኖር እንኳ አረምና ቀንድ አውጣ መሰል ተጣባቂ ፍጥረት ከታች እየወፈረ መርከቡን ያዘገየዋል። ስለዚህ ሆዱ በየጊዜው ከውኃ ወጥቶ መፋቅ፣ ስንጥቁ በቃጫና በዝፍት መደፈን አለበት። ወደቡን የጦር መርከቦቻቸው መጠገኛ ያደረጉት እንግሊዞች በአገራቸው ይህን የሚያደርጉት ሙላቱን አገልጋይ አድርገው ነበር፤ በሙላት ጊዜ መርከቡን ወደ ተገነባ ጉድጓድ ያስገባሉ፣ ባሕሩ ሲጎድል አብዛኛው ውኃ በራሱ ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል፣ የቀረው ይቀዳል። ውኃው ስንዝር ብቻ በሚወርድበት አገር ግን ያንን ሥራ የሚሠራላቸው ባሕር የለም።

በአንቲጓ የነበረው መፍትሔ መርከቡን በጎኑ ማጋደም ነው። መድፉ፣ ባሩዱ፣ ስንቁ፣ ለክብደት የተጫነው ብረትና ድንጋይ ሁሉ ይወርዳል። መርከቡ ከግንቡ ጎን ይጠጋል። ከዋናዎቹ የሸራ ምሰሶዎች አናት ወፋፍራም ገመዶች ወደ መሬት ይዘረጉና፣ ካፕስታን ከሚባለው፣ ሰዎች በእንጨት ዘንግ እየገፉ ከሚያሽከረክሩት ትልቅ የገመድ መጠቅለያ ጋር ይያያዛሉ። ከዚያ መግፋት ነው። ዙር በዙር፣ ምሰሶው እየጎነበሰ፣ መርከቡ እየተጋደመ፣ በመጨረሻ የሆዱ ስፌት ፀሐይ ላይ ብቅ ይላል። አንዱ ጎን ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። ውኃው በየስድስት ሰዓቱ አራት ሜትር የሚወጣና የሚወርድ ቢሆን ኖሮ፣ እነዚያን የተወጠሩ ገመዶች ሌትና ቀን ሲያላሉና ሲያጠብቁ ይኖሩ ነበር። የማይንቀሳቀሰው ውኃ የነፈጋቸውን በሌላ በኩል ካሳቸው ማለት ነው። ካፕስታኖቹ የቆሙበትን ቦታ ዛሬም ሄዶ ማየት ይቻላል፤ እኔ የምሳ ሰዓቴን የማሳልፈው እነርሱ አጠገብ ነበር።

ዘንጉን የሚገፋው ማን ነበር? ይህን ሳልናገር ባልፍ ያሳፍረኛል። የመርከብ መጠገኛው መሠራት የጀመረው በ1720ዎቹ ነው። ግንቡን የገነቡት፣ ድንጋዩን የተሸከሙት፣ በኋላም በአናጺነትና ስንጥቅ በመድፈን ያገለገሉት በአብዛኛው በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹን የሸንኮራ እርሻ ባለቤቶች ናቸው ለሥራው የላኳቸው። ዩኔስኮ በ2016 ቦታውን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህን የእነርሱን ድካም ጠቅሷል። ይሁንና ቦታው እስከ ዛሬ የሚጠራው «የኔልሰን መርከብ መጠገኛ» ተብሎ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኰንን የነበረው ሆሬሺዮ ኔልሰን በ1784 የ25 ዓመት ወጣት ካፒቴን ሆኖ መጣ፣ እስከ 1787 ቆየ፣ ከነጋዴዎቹ ጋር ተጣላ፣ ቦታውንም አምርሮ ጠላው። የጠላው ሰው ስሙን ጥሎበት ሲሄድ የሠሩት ያለ ስም ቀሩ። አስተያየቱ የእኔ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ፣ ወደ ነፋሱ ልሻገር።

በአንቲጓ ነፋስ ከየት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንግዳ ብቻ ነው። ከምሥራቅ ነው። የንግድ ነፋስ የምንለው፣ ከአፍሪካ ዳርቻ ተነሥቶ ውቅያኖሱን የሚሻገረው ነፋስ፣ አብዛኛውን ዓመት ከ15 እስከ 20 ኖት ይነፍሳል፤ 20 ኖት በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ነው። ከዲሴምበር አጋማሽ ጀምሮ በተለይ ይበረታል፤ ደሴተኞቹ «የገና ነፋስ» ይሉታል። ያን ጊዜ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያዘነብላል፣ ለቀናት ሳያቋርጥ 25 ኖትና ከዚያ በላይ ይነፍሳል፤ ከአንቲጓ ወደ ጓዴሎፕ በሚያሻግረው ቦይ ላይ ያለው ሞገድም ለጀማሪ የሚመከር አይደለም። ከጁን እስከ ኦገስት ባሉት ወራት ነፋሱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ ይለዝባል። በየዓመቱ በዲሴምበር ከካናሪ ደሴቶች ተነሥተው አትላንቲክን በመቅዘፊያ የሚያቋርጡ ተወዳዳሪዎች አሉ፤ 4,800 ኪሎ ሜትር ያህል ቀዝፈው የሚጨርሱት እዚሁ እንግሊሽ ሃርበር ነው። ለምን እዚህ ቢባል፣ ነፋሱና ጅረቱ የሚገፏቸው ወደዚህ ስለሆነ ነው።

አሁን የወደቡን ቅርጽ ልብ በሉ። አፉ ወደ ደቡብ ይከፈታል። በምዕራብ በኩል የበርክሌይ ምሽግ ያለበት ጠባብ የመሬት ምላስ አለ፤ በምሥራቅ በኩል ማዕበል የጠረበው፣ የሄርኩለስ ዓምዶች የሚባል ገደል ይቆማል። ከገደሉ በላይ ሸርሊ ሃይትስ የሚባለው ኮረብታ ከፍ ብሎ ምሥራቁን ይጋርዳል። ከባሕር ስትመጡ የመሬቱ ምላስና ኮረብታው ስለሚደራረቡ ወደብ ያለ አይመስላችሁም። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስገባ ካፒቴኑ መሪውን ወደ ድንጋዩ ሲያዞር «ምን ነካው?» ብዬ ነበር። እጅግ ቀርበን ሳለ ነው ግድግዳው እንደ መጋረጃ የተገለጠው።

ውስጥ ስትገቡ ነፋሱ በአንድ ጊዜ ይቆረጣል። ሸራው ይልፈሰፈሳል፣ ላብ ይመጣል፣ የሰው ድምፅ ከወዲያ ማዶ ይሰማል። የጥንቶቹ ትልልቅ መርከቦች ነፋሱን ከጎን ይዘው አፉን ካለፉ በኋላ ወደ ግንቡ ለመድረስ በጀልባና በገመድ መጎተት ግድ ይሆንባቸው ነበር።

ይህ ጸጥታ ግን የራሱ ተንኰል አለው። ሙላትና ጉድለት ብርቱ በሆነበት ወደብ፣ መልሕቅ የጣሉ ጀልባዎችን የሚያሰልፋቸው ጅረቱ ነው፤ ሁሉም አፍንጫቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ያደርጋሉ፣ ጅረቱ ሲመለስ ሁሉም አብረው ይዞራሉ። በእንግሊሽ ሃርበር አፍ አጠገብ ባለችው ፍሪማንስ ቤይ ግን አሰላፊ የለም። ጅረቱ ደካማ ነው፤ ነፋሱም ኮረብታውን ዘሎ ሲወርድ ይሽከረከራል። ስለዚህ አንዱ ጀልባ ወደ ሰሜን፣ አጠገቡ ያለው ወደ ደቡብ፣ ሦስተኛው ወደ ባሕሩ ዞሮ ታያላችሁ፤ ሠርግ ቤት የተጣሉ ዘመዶች ይመስላሉ። በምሽት መልሕቅ ጥላችሁ ርቀቱ በቂ ነው ብላችሁ ከተኛችሁ፣ ሌሊት ጎረቤታችሁ በመስኮት ሰላም ይላችኋል።

ውስጠኛው ወደብ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከውኃው ሥር፣ በባሕሩ መሬት ላይ፣ መርከቦች በአውሎ ነፋስ ጊዜ ይታሰሩባቸው የነበሩ እጅግ ከባድ የጥንት ሰንሰለቶች ተጋድመዋል። እኔ ይህን ያወቅሁት በሁለተኛው ዓመቴ፣ መልሕቅ የማንሣቱ ተራ የእኔ ሆኖ ሳለ ነው። ሞተሩ መልሕቁን መሳብ ጀመረ፤ ከዚያ እየጓጎረ ቆመ፤ የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ውኃው መደፋት ያዘ። እኔ በጉብዝና ቁልፉን ደግሜ ተጫንኩት። መልሕቁ ሳይሆን ጀልባዋ ነበረች ወደ ታች የምትሳበው! ካፒቴኑ «ተው!» ብሎ ጮኸና ሰንሰለቱን አላላ። ጠላቂ ጠርተን፣ ሰውየው ወርዶ ሲመለስ፣ የሰው ጭን የሚያህል ዝገት የለበሰ የሰንሰለት ቀለበት መልሕቃችንን ነክሶ እንደያዘ ነገረን። የጠላቂው ዋጋ ከወር ደመወዜ ተቆረጠ፤ መቆረጡም ተገቢ ነበር፤ ምክንያቱም ሰንሰለቶቹ በካርታው ላይ ተመልክተዋል። ካርታውን ከጓዳ አውጥቶ ያላነበበው እኔ ነኝ።

ሰንሰለቶቹ ወደ ሦስተኛው ነጥቤ ወሰዱኝ። እንግዲህ ስለ አውሎ ነፋሱ።

ሃሪኬን የሚባለው የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ የሚበረታውም በሴፕቴምበር አጋማሽ ገደማ ነው። በ1723 አንድ ሃሪኬን አንቲጓን መታ። በደሴቲቱ ሌሎች ወደቦች የነበሩ 35 መርከቦች ተገፍተው የብስ ላይ ወጡ። በእንግሊሽ ሃርበር ታስረው የነበሩት ሁለቱ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች፣ ሄክተርና ዊንቸልሲ፣ ግን ምንም ሳይሆኑ ዳኑ። ከዚያ ወዲህ ወደቡ ስም አወጣ። በ1728 የመጀመሪያው የመርከብ መጠገኛ ሴንት ሄሌና በተባለው ምሥራቃዊ ዳር ላይ ተቋቋመ፤ በኋላም ወደ ምዕራቡ ዳር ተስፋፋ። እንግሊዞች የአውሎ ነፋሱ ወቅት ሲመጣ መርከቦቻቸውን ወደ አውሮፓ መመለስ ሳያስፈልጋቸው እዚያው ሸሽገው፣ እዚያው ጠግነው፣ ዓመቱን ሙሉ የባሕሩ ጠባቂ ሆነው መቆየት ቻሉ። ነፋስ የማይገባበትን ጎድጓዳ ማን ይንቀዋል? ኋላ ግን የእንፋሎት መርከብ መጣ፣ መርከቦቹም ለዚያ ጠባብ አፍ ገዘፉ፤ በ1889 የባሕር ኃይሉ ቦታውን ዘግቶ ሄደ። ከ1951 ጀምሮ የታደሰው በበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ጥረት ነው።

ስለዚህ በዚያ ወደብ መጀመሪያ የሚታየው የሙላት ሠንጠረዥ ሳይሆን የአየር ግፊት መለኪያው፣ ባሮሜትሩ ነው። ባሮሜትርን ስታውቁ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ታያላችሁ። ባሕሩ የነፈጋችሁን ሙላትና ጉድለት አየሩ ይሰጣችኋል! በሐሩር አገሮች የአየር ግፊት በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። ከጧቱና ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከሌሊቱና ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ። ልዩነቱ ሚሊባር በሚባለው የግፊት መስፈሪያ ሁለት ያህል ብቻ ቢሆንም ሰዓቱን የሚጠብቀው እንደ ደወል ነው። ይህን እዚሁ ባሕር ዳር፣ በክፍላችሁ ግድግዳ ላይ ባለው ባሮሜትር ልታዩት ትችላላችሁ፤ ነገ ጠዋት ጀምራችሁ በየሁለት ሰዓቱ መዝግቡት። በአንቲጓ የተማርኩት ይህን ነው፤ መርፌው ከዚህ ምት ወጥቶ ሦስት ሚሊባር ከወረደ፣ ሌላ ሥራህን ትተህ ገመድህን ተመልከት።

ግፊቱ ሲወርድ ባሕሩም ይነሣል። በአንድ ሚሊባር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ብላችሁ አስቡት። በሴፕቴምበር 2017 የአንቲጓን እኅት ደሴት ባርቡዳን ያወደመው ኢርማ የተባለው ሃሪኬን፣ መካከሉ ላይ ግፊቱ እስከ 914 ሚሊባር ወርዶ ነበር። የተለመደው 1,013 ነውና አሰሉት፤ ነፋሱ የሚገፋውን ሳንቆጥር ባሕሩ በግፊቱ ብቻ አንድ ሜትር ያህል ይነሣል። ጨረቃ በዚያ አገር ከምታነሣው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ከባርቡዳ ነዋሪዎቹ በሙሉ ወጥተው ወደ አንቲጓ ተወሰዱ።

ኢርማን እኔ እዚያ ሆኜ አላየሁትም። ያየሁትን ልንገራችሁ። በኦገስት አንድ ማታ የሳተላይት ምስል ከካፒቴኑ ጋር እየተመለከትን፣ ከአፍሪካ ዳርቻ ወደ እኛ የሚመጣ የደመና ክምር አሳየኝ። «ይህ ከሴኔጋል ነው?» አልኩት። የቀደሙትን ቀናት ምስሎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ መለሰልኝ። ደመናው እየጠፋና እየበቀለ በማሊ፣ በኒጀር፣ በቻድ አልፎ ወደ ሱዳን ተመለሰ፤ ከዚያም ወዲያ ነጭ ሆኖ የተከመረው የእኛው ክረምት ነበር። በዚያው ሳምንት እናቴ በስልክ «ዝናቡ አላስወጣ አለን» ብላኝ ነበር።

ይህ የእኔ ናፍቆት የፈጠረው አይደለም። በክረምት በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎችና በዳርፉር ተራሮች ላይ የሚፈላው ነጎድጓድ፣ በምዕራብ አፍሪካ ላይ ወደ አትላንቲክ የሚጓዙ የአየር ሞገዶች ከሚነሡባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። በዓመት 60 ያህል ሞገዶች ያልፋሉ፤ አብዛኞቹ ዝናብ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ይሁንና ኃይለኛ ከሆኑት የአትላንቲክ ሃሪኬኖች መካከል 85 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከእነዚህ ሞገዶች ነው የሚወለዱት። በኦገስት 2000 አልቤርቶ የተባለው ሃሪኬን ሲጠና፣ ተመራማሪዎች መነሻውን እየተከተሉ የደረሱት የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ነበር። ያን ማታ ያየነው ደመና ግን በአሥረኛው ቀን አንቲጓ ሲደርስ ደክሞ፣ ግማሽ ቀን ዘንቦ አለፈ። ወንዝ የሌላት ደሴት ናትና ሰዎቹ ባልዲና በርሜል አወጡ። ባሮሜትሩም ከምቱ አልወጣም።

ሰዓቴ አልቋል፤ የተሰጠኝንም አልፌአለሁ። የወደቡን ካርታ በፊት ለፊቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቻለሁ፤ ያ ደመወዝ ያስቆረጠኝ ካርታ ራሱ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ወደዚህ ቅረቡ። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ከደቡብ፣ ከባሕር እንደምትመጡ አድርጋችሁ ጣታችሁን ካርታው ላይ አሳርፉና መግቢያውን ፈልጉልኝ። ሰንሰለቶቹ የት እንዳሉም አሳዩኝ።